በፎቶው ጠርዝ የቀረው እጅ፦ የጣና ታንኳና የእኛ ቤት

ትናንት ማታ እህቴ አንድ አሮጌ ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። እናታችን መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣው ኖሮ ነው ያገኘችው። ጥቁርና ነጭ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ አባባ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት የደንገል ታንኳ ዛፍ ተደግፋ እንደ ሰው ቀጥ ብላ ቆማለች። እኔ ከሥሯ ቁጭ ብዬ ፎቶ አንሺው ላይ አፍጥጫለሁ። በቀኝ በኩል፣ ፎቶው በሚያልቅበት ቦታ፣ ታንኳዋን ደግፎ የያዘ አንድ የሰው እጅና ግማሽ ትከሻ ይታያል። ሰውየው የለም፣ ተቆርጧል። እህቴ ከሥሩ «ይሄ እጅ የማነው?» ብላ ጽፋለች።

የማን እንደሆነ አውቃለሁ። መልሱን ለእሷ ብቻ ልጽፍ ጀምሬ እየረዘመ ሲመጣብኝ እዚሁ ልለጥፈው አልኩ። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሌላው ቤት ኳስ ይወዳል፣ ሌላው ቤት ካርታ ይጫወታል። እኛ ቤት የሚወደደው ታንኳ ነበር። አባባ የዘጌ ልጅ ነው። ዘጌን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር ፊት ለፊት ሐይቁ ውስጥ ገባ ያለ፣ ደን የለበሰ መሬት ነው። በሬ አይጠመድበትም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል። ስለዚህ የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና እንጨቱን ባሕር ዳር አውጥቶ ይሸጣል፣ እህሉን ገዝቶ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ የሚመላለሰው በደንገል ታንኳ ነበር። የአባባ አባት ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲያመላልስ ነው የኖረው። አያታችን እምዬ «ይሄ ልጅ ድክ ድክ ሳይል ነው መቅዘፊያ የያዘው» እያለች አባባን ታሞካሸው ነበር።

አባባ ወጣት ሳለ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ተቀጠረ። የፈትል ማሽን ጩኸት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮው ሲደነቁር ሰንብቶ እሑድ ሲመጣ ጸጥታ ይርበዋል። ከቅዳሴ መልስ ምሳ እንኳ አይጠብቅም። «ማን ነው የሚመጣ?» ይላል፣ እኔና እህቴ ጫማችንን አውልቀን ቀድመነው ሐይቁ ዳር እንደርሳለን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ አባባ ከኋላ ቀርቀሃውን ይዞ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ቀርቀሃው ከውሃው ሲወጣ የሚንጠባጠበውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ።

እናታችን ግን የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ ታንኳ ላይ ወጥታ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ዳር ላይ ትቆማለች፤ ስንመለስ ሁለት ልጆች መሆናችንን በጣቷ ቆጥራ ነው የምትስመን። አባባ ይስቅባታል። ሐይቁን ማን እንደሚያውቀው አሁን ሳስበው፣ እሷም በራሷ መንገድ በደንብ ታውቀው ነበር።

ጣና ሰፊ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ጥልቅ ግን አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አባባ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ዳር። ሁለተኛው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ካለፍን ዝም፣ ምክንያቱም ጉማሬ አለ። እህቴ ዝም ማለት ስለማይሆንላት እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር የምታልፈው።

አሁን ስለ ታንኳዋ ራሷ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በፎቶ ያያታል እንጂ አሠራሯን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ማሰሪያው ከዛፍ ቅርፊት የተላጠ ልጥ ነው። ነዶዎቹ ጎን ለጎን እየተጠበቁ ይያያዙና አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀናል። ምስማር የለም፣ ሳንቃ የለም። ሌላ ጀልባ ውሃ እንዳይገባበት ተደርጎ ነው የሚሠራው። ታንኳ ግን ውሃ ይገባባታል፣ በነዶዎቹ መሃል ያልፋል፣ አንተ ከላይ ሌላ የደንገል መደብ ላይ ትቀመጣለህ። የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር የያዘ ቀላል ነገር ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው ማታ ማታ ከውሃ አውጥተው የሚያቆሟት፤ እንድትንጠፈጠፍና እንድትደርቅ። ፎቶው ላይ ዛፍ ተደግፋ የቆመችው ለዚህ ነው።

እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው። ጥቂት ሳምንት፣ ቢበዛ ጥቂት ወር። ከዚያ «ጠጣች» ይባላል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ወገቧ ይሰምጣል፣ ማድረቂያ ፀሐይ አይበቃትም። እኔና እህቴ ለእያንዳንዷ ስም አውጥተን፣ ስትጠጣ አልቅሰን፣ አዲሷ ስትመጣ ረስተን ነው ያደግነው። የሞተችው ደርቃ ማገዶ ትሆናለች።

እንግዲህ አስቡት። በየጥቂት ወሩ አዲስ ታንኳ ያስፈልጋል ማለት፣ በየጥቂት ወሩ የሚሠራት ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። አባባ ቀዛፊ እንጂ ሠሪ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ስለ ጣና ሲጽፍ ታንኳን በስሟ ጠርቷታል፤ ከእንጨት ሳይሆን ከደንገል እንደምትሠራም ገልጿል። ጊዜው ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ የከተሙበት ነበር። ዛሬ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ብትሄዱ የዐፄ ይኩኖ አምላክን፣ የዐፄ ዳዊትን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ የዐፄ ሱስንዮስንና የዐፄ ፋሲልን ዐፅም እናቆያለን ይሏችኋል። ደሴት ነው፤ በእግር አይገባም። ያ ሁሉ ንጉሥ፣ ያ ሁሉ ታቦት፣ ያ ሁሉ የብራና መጽሐፍ ሐይቁን የተሻገረው ደንገል ላይ ተቀምጦ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ የንጉሡን በቅሎ ኮርቻ ሳይቀር ሲገልጹ ታንኳውን ማን እንዳሰረው ግን አላሰቡበትም።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ያው ነው። እንግሊዞች የዓባይን ውሃ ከመነሻው ለመቆጣጠር ዓይናቸውን ጣና ላይ ጥለው በነበረበት ዘመን፣ ዳንግላ የተቀመጠው ቆንስላቸው ሜጀር ቺዝማን ሐይቁንና ገዳማቱን ዞሮ አጥንቶ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የመላው ዓለም ገዢ ነኝ የሚል መንግሥት ተወካይ ወደ ደሴቶቹ የገባው በምን ይመስላችኋል? በደንገል። የሞተር ጀልባ በደንብ የገባው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ጎርጎራ ላይ ወደብ ሠርተው «ናቪጋታና» የሚባል የመርከብ ድርጅት አቋቋሙ። ጣሊያን ሄደ፣ መርከቡም ወደቡም ቀረ። እኔ ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳርና ጎርጎራ የምትመላለሰው መርከብ ስታልፍ የምትፈጥረው ሞገድ ታንኳችንን ያነሳት ነበር፣ አባባም በእጁ «ቀስ በል!» የሚል ምልክት ያሳያል። ማንም አያየውም።

ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ያኔ ሰፈሩ የሚጠራቸው «ነገደ» የሚለውን ትቶ ነው፣ ሲጠራም በስድብ ድምፅ ነበር። የሐይቁ ጥንታዊ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ሥጋውን ይበሉ ነበር፤ በዚህም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ይጸየፋቸው ነበር። እነሱ ራሳቸው ሙስሊም ነን ይላሉ፣ ሌላው ሙስሊም ግን አይቀበላቸውም ነበር። ጉማሬ ማደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነ፤ መጸየፉ ግን አብሮ አልቀረም። የጎንደርና የጎጃም ሴት ሁሉ እህሏን የፈጨችበትን የወፍጮ ድንጋይ የሚያወጡት እነሱ ነበሩ። በድንጋያቸው የተፈጨውን እንበላለን፣ በታንኳቸው እንሻገራለን፤ ከእጃቸው ውሃ አንጠጣም። ይሄን ነገር ለማብራራት ብዙ ሞክሬያለሁ፣ አልሆነልኝም።

የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሲያልፍ ቋንቋቸው በአገሩ ካለው ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ሊጠይቃቸው ፈልጎ ንጉሡን አስፈቅዶ ሁለት ሰዎች አስመጣ። ሰዎቹ አልመለሱም፣ አልገባንም አሉ። ትሰቀላላችሁ ተብለው ሲያስፈራሯቸውም ያው። እኔ ይሄን ሳነብ የገረመኝ ብሩስ አይደለም፤ እነዚያ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቤተ መንግሥት ተጎትተህ መጥተህ ፈረንጅ ስለ ቋንቋህ ሲጠይቅህ፣ ገመድ ሲያሳዩህ፣ ዝም። በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሚትቮህ የሚባል ጀርመናዊ ስለ እነሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ነው የሚናገሩት። በ1928 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ሲመጣ አንድ ሰው በጠፋው ቋንቋ ዘፈን ዘፈነለት፤ ዘፋኙ ራሱ የሚዘፍነው ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ከቋንቋው የተረፉት የጉማሬ የሰውነት ክፍሎች ስሞች፣ በጣት የሚቆጠሩ ቃላት ብቻ ነበሩ።

ወደ እጁ ልመለስ።

ታንኳ የሚሠራልን ሰው ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ልጆቹ አሉ። አባባ «አያ» ነበር የሚለው፣ በዕድሜ ስለሚበልጠው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የጣቶቹ ቆዳ በልጥ ተልጦ ተልጦ እንደ ጫማ ሶል የጠነከረ ሰው ነበር። እኛን ልጆቹን «የእኔ ዓሣ» ይለናል። አዲስ ታንኳ ሲያመጣ እናቴ ቡና ታፈላለች። አያ ግን ወደ ቤት አይገባም። በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አጥሩ ላይ የተሰካች አንዲት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበረች፤ ቡናው የሚሰጠው በእሷ ነበር። ጠጥቶ አለቅልቆ ራሱ መልሶ አጥሩ ላይ ይሰካታል። እኔ ጣሳዋ የእሱ የግሉ ስጦታ ትመስለኝ ነበር። እቀናበት ነበር እንዲያውም።

በ1974 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። እምዬን ልናይ ዘጌ ልንሄድ ተነሳን። ታንኳችን አርጅታለች፣ አባባ ደመወዝ እስኪወጣ አዲስ መግዛቱን እያቆየ ነው። ከዋዜማው አያ መጥቶ በእግሩ ጫን ጫን አድርጎ አያትና «ይቺ ጠጥታለች። አትሂድባት» አለ። አባባ «ኧረ አንድ ቀን ትችላለች» አለ። የዘጌ ልጅ ነዋ።

መሄዱን በሰላም ሄድን። ስንመለስ ግን እምዬ እንደ ልማዷ አንድ ከረጢት ቡና፣ አንድ እስር ጌሾ፣ ሌላም ሌላም ጫነችን። ስንብቱ ረዘመ፣ የአባባ የስድስት ሰዓት ሕግ ተጣሰ። መሃል ላይ ነፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ ያየሁት እህቴ የተቀመጠችበት መደብ መርጠቡን ነው። ከዚያ የእኔም። አባባ ምንም አላለም፣ ቀርቀሃውን ብቻ አፈጠነ። ትንሽ ቆይቶ ቀርቀሃውን ለእኔ ሰጠኝና የቡናውን ከረጢት አንስቶ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። የእናቱን ቡና! ያኔ ነው ፍርሃት የገባኝ። ጌሾው ተከተለ። ውሃው እስከ ወገቤ ደረሰ፤ ታንኳዋ ከሥራችን አለች፣ ግን አትታይም። እህቴ ዝም ማለት የማይሆንላት ልጅ፣ ዝም።

የመጣው አያ ነው። ከልጁ ጋር መረቡን ሊያነሳ ደንገሉ ውስጥ ነበር፤ ደግሞ ስንሄድ ስላየን ስንመለስ ዓይኑን ጥሎ ኖሯል። በሁለት ታንኳ መጥተው እኛን ልጆቹን አንድ ላይ፣ አባባን ሌላው ላይ አደረጉን። ፎቶው ላይ ያለው ያ እጅ ከብብቴ ሥር ገብቶ እንደ ዓሣ ነው ያወጣኝ። አባባን አልተቆጣውም። «ብዬህ ነበር» እንኳ አላለም።

ቤቱ ዳር ላይ ነበር፣ በደንገልና በሣር የተሠራ ጎጆ። ሚስቱ እሳት አነደደች፣ በራሷ ጋቢ ጠቀለለችን። ከዚያ ትኩስ ቂጣና የተጠበሰ ቀረሶ አቀረበች። እህቴ ወዲያው መብላት ጀመረች። እኔ ስምንት ዓመት አልፎኛል፣ ሰፈር ውስጥ የሚባለውን ሰምቻለሁ። እጄ አልሄድ አለኝ። ሴትዮዋ አየችኝ። ፊቷ አልተለወጠም፤ ለምዳዋለች። እስከ ዛሬ የምሸሸው ያን ፊት ነው። አባባም አየኝ። ከፊቴ ካለው ቂጣ ቆርሶ፣ ዓሣ አድርጎበት ጎረሰ፣ ሌላ ቆርሶ እኔን አጎረሰኝ።

ቤት ስንመለስ ያንን ቀን ለእናቴ የነገራት አባባ ነው። ለእምዬ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዘጌ ስንሄድ፣ ጀብዱ መስሎኝ። እምዬ ሰምታ ስታበቃ ያለችው «ጠበል ይረጩ» ነው። አባባ በእናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እምዬ፣ ልጆችሽን ከውሃ ያወጣ እጅ ነው!» አላት። እሷም ረጋ ብላ «እኔስ ምን አልኩ? ለእጁ እግዜር ይስጠው። መብሉ ግን ሌላ ነው» አለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ለማኝ ከደጇ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ይሄንንም ነው ማብራራት ያቃተኝ። ተረጨን።

አባባ ባሕር ዳር ሲመለስ ጣሳዋን ከአጥሩ ነቅሎ ጣላት። አያ አዲስ ታንኳ ይዞ ሲመጣ በሩን ከፍቶ «ግባ፣ ቤት ነው የምንጠጣው» አለው። አያ ወደ አጥሩ አየ፣ ጣሳዋ የለችም። ወደ ቤቱ አየ። «እዚሁ ይሻለኛል፣ አየሩ ደግ ነው» ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ በእኛ ሲኒ አምጥታ ሰጠችው። አባባም ወጥቶ መሬት ላይ፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ጠጣ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ የሁልጊዜው። ቤት ግን አንድም ቀን አልገባም።

በአንዱ የቡና ሰዓት ነው የፈረንጁን ታንኳ ታሪክ የሰማሁት። አያ ወጣት ሳለ አንድ ፈረንጅ መጥቶ ደንገል በብዛት አሳጭዶ በመኪና አስጭኖ ወሰደ፣ እኔም አጭጄለታለሁ ይል ነበር። «ምን ሊያደርገው?» ስንለው «ባሕር ሊሻገርበት» ይላል፣ እንስቃለን። ተረት ይመስለን ነበር። አድጌ ነው እውነት መሆኑን ያወቅኩት። ፈረንጁ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር የሚለውን ለማሳየት ተነስቶ ደንገሉን ያገኘው ጣና ላይ ነው። 12 ቶን ገደማ ወደ ግብፅ ተጓጓዘ፣ ጀልባዋ ፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠራች፣ «ራ» ተባለች። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሳች። ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ነበሩባት፤ ደንገሉ ከበቀለበት አገር ግን አንድም ሰው አልነበረም። የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ጭራዋ ሰጥሞ ተበተነች። በዓመቱ ሁለተኛዋን የሠሩት ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ናቸው፤ ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ። እሷ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል ማለት ነው፣ ብዙዎቻችን ሳንሰማ። አያን ዛሬ ባገኘው «እውነትህን ነው» እለው ነበር። ጭራዋ ለምን እንደሰጠመችም ሳይነግረኝ አይቀርም ነበር፣ በእግሩ ጫን ጫን አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. ውሃው በጣም ወርዶ መርከቦቹ ለወራት ቆሙ፣ ደንገል የነበረበት ዳርቻ ደረቀ፣ ገበሬ አርሶ ዘራበት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ከየቦታው ሰው ተሰባስቦ በእጁ ሲነቅል ሁላችሁም በቴሌቪዥን አይታችኋል። ዳር ዳሩን ሆቴልና መዝናኛ ያዘው፤ ነገደ ወይጦዎቹም ከኖሩበት እየተገፉ ወደ ውስጥ፣ ከውሃው ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዱ። የአያ ጎጆ የነበረበትን ከስድስት ዓመት በፊት ፈልጌ አጥቼዋለሁ። አሁን ሰው የሚጫነው በፋይበርና በብረት ጀልባ ነው። አልሰጥምም የሚል ነገር ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፤ እናቴ እንኳ እሱ ላይ ወጥታለች። የደንገል ታንኳ ገና አለ፣ ግን እየቀነሰ ነው። የጣት ያህሉን ለቱሪስት የሚሸጡ ልጆች ታገኛላችሁ። አንድ ገዝቼ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ አፍንጫው በደንብ አልቀናም።

ይሄን ከመለጠፌ በፊት ዛሬ ጠዋት አባባ ጋ ደወልኩ። 83 ዓመቱ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው የፈትል ማሽኑ ወስዶታል። ስለ ፎቶው ጮክ ብዬ ነገርኩት። ሰውየው የተቆረጠ መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። «ማን ነበር ያነሳው?» አልኩት። ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤታችን እንደሆነ ነገረኝ። «እሱ ነው ወይስ አንተ ነህ ራቅ በል ያልከው?» አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም ይሆናል።

«ማንም አላለውም» አለ አባባ። «ራሱ ነው ፈቀቅ ያለው።»

ቆይቶ፣ ልዘጋ ስል፣ «ቆይ እስቲ፣ ታንኳዋ አዲስ ናት ወይስ የጠጣች?» አለኝ። ፎቶውን መልሼ ከፍቼ አየሁት። አፍንጫዋ ቀጥ ብሏል፣ ልጡ ገና ነጭ ነው።

«አዲስ ናት» አልኩት።

«እንግዲያው ያን ቀን ያመጣት ቀን ነው» አለ።